ለገሃር ላይ የናፍጣ ባቡር ፋብሪካ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ? (ምናብ ነው፣ አትቆጡ)

የለገሃር_ልጅ | ቅዳሜ፣ ጠዋት 3:10

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ሐሙስ ዕለት ከድሮው ጣቢያ ፊት ለፊት ማኪያቶ ይዤ ተቀምጬ ሞዓ አንበሳውን ሳይ አንድ ሐሳብ ውልብ አለብኝ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፣ የጣቢያው ሕንፃ በ1929 ተመረቀ፣ አንበሳው እንኳ ሮም ድረስ ተሰዶ ተመልሷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ሎኮሞቲቭ ገዛን እንጂ አልሠራንም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ከሞተር ታሪክ ጋር ለማስተያየት እንዲመች።)

ታዲያ በ1950ዎቹ እንፋሎቱ ጡረታ ሲወጣ ከጣቢያው ጀርባ አንድ ፋብሪካ ተከፍቶ ቢሆንስ? ደብተሬ ላይ የሚከተለውን ሞነጫጨርኩ። ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ነው፤ ጎግል ላይ ፈልጋችሁ አጣን እንዳትሉኝ።

ቆርኬ፣ 1952። 400 የፈረስ ጉልበት፣ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ መግፊያ።
ጎሽ፣ 1957። 1,200 የፈረስ ጉልበት፣ አራት አክሰል (የጎማ ዘንግ)፣ 52 ቶን። ለዋናው መስመር።
ዋልያ፣ 1966። 2,000 የፈረስ ጉልበት፣ አራት አክሰል፣ ያው 52 ቶን።
ነብር፣ 1985። 3,000 የፈረስ ጉልበት። ስለሱ ገና አላሰብኩም፣ ስሙ ስላማረኝ ነው።

አስተያየት ስጡኝ። የሚሳደብም ቢሆን የሚያውቅ ይሁን።

ቡና_በጨው | ቅዳሜ፣ 3:22

ሰው ኑሮ ተወዶበት አንተ ባቡር ተወዶብሃል። ለማንኛውም ነብር ይመቸኛል።

ጥቁር_ጭስ | ቅዳሜ፣ 3:47

እኔ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ፤ ባቡር ውስጥ የገባሁት ተሳፍሬ ብቻ ነው። ሞተር ግን ሞተር ነው።

ወንድሜ፣ ጎሽ ላይ የጻፍከው 1,200 ጉልበት የት የተለካ ነው? ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሆነ ለገሃር ሲደርስ 1,200 አይደለም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ከቀነሰ ናፍጣውን የሚያቃጥልበት የለውም። ናፍጣውን እንዳለ ብትሰጠው ደግሞ ጉልበት ሳይሆን ጥላሸት ነው የሚተፋው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ መኪና እንጦጦን ሲወጣ አይተህ የለ? ከኋላው ያለው ሰው መስታወት የሚዘጋው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ጎሽህ እዚህ ሲደርስ 900 ነው በለው። ቱርቦ ካለው ግን የሚወጣው ጭስ ራሱ ተርባይኑን እያዞረ አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባለት የጎደለው አብዛኛው ይመለሳል። ለ1957 ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስዊሱ አልፍሬድ ቡቺ የጭስ ቱርቦን ፓተንት ያስመዘገበው በ1905 ነው። የለገሃር ፋብሪካ ከመጀመሪያው ቀን ቱርቦ ካልገጠመ፣ ለጅቡቲ እንጂ ለአዲስ አበባ አልሠራም።

ማሙሽ_22 | ቅዳሜ፣ 4:05

የማያውቅ ሰው ጥያቄ ነው፣ አትሳቁብኝ። ለምንድነው ባቡር እንደ አይሱዙ ካምቢዮና ፍሪሲዮን የማይኖረው? ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ መብራት ይሰጣል፣ መብራቱ ሌላ ሞተር ያዞራል... ይሄ ሁሉ ዙር ጥምጥም ለምን?

ሲሊንደር | ቅዳሜ፣ 4:31

ማሙሽ ማንም አይስቅብህም። የባቡር መሐንዲሶች ራሳቸው ይሄን ጥያቄ ተከራክረው ነው መልሱን ያገኙት።

በ1912 የስዊሱ ሱልዘርና የጀርመኑ ቦርሲግ አብረው አንድ ትልቅ የዲዝል ሎኮሞቲቭ ሠሩ። ካምቢዮ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ሞተሩ በቀጥታ ከጎማው ጋር ተያይዟል። ችግሩ ዲዝል ከዜሮ ተነስቶ ጉልበት የማይሰጥ መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ መዞር አለበት። ባቡሩ ቆሞ ሳለ ሞተሩም ቆሟል። ስለዚህ በታመቀ አየር እየገፉ ነበር የሚያስነሱት። አስበው፣ በየጣቢያው በቆምክ ቁጥር የአየር ጋን ባዶ ማድረግ! እንፋሎት ግን ቆሞም ይገፋል፣ ያ ነው ሞገሱ።

ካምቢዮ ለትናንሽ መግፊያዎችና ለሊቶሪና ዓይነት መኪኖች ሠርቷል። ብዙ መቶ ቶን ከኋላ ሲኖር ግን ማርሽ በቀየርክ ቁጥር ጉልበቱ ለአፍታ ይቋረጣል፣ ዳገት ላይ ከሆንክ ባቡሩ ይቆማል፣ መልሶ ሲይዝ ደግሞ የፉርጎዎቹን መጋጠሚያ ይበጥሳል። በኤሌክትሪክ ስትሄድ የናፍጣ ሞተሩ በሚመቸው ፍጥነት ይዞራል፣ ጎማውን የሚያዞረው ሞተር ደግሞ ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ አቅሙን ይጎትታል። በ1924 ሩሲያዊው መሐንዲስ ሎሞኖሶቭ ለሶቪየት ያሠራው ሎኮሞቲቭ በረጅም መስመር ላይ በደንብ የሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ጀርመኖች በዘይት ግፊት የሚያስተላልፍም አላቸው፣ ሃይድሮሊክ። ቀለል ይላል፤ የኤርትራ ባቡርም የክሩፕ ሃይድሮሊክ ዲዝሎች ነበሩት። ሐዲዱ ግን እዚያ 950 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኛው የድሮው 1,000። በአምስት ሴንቲ ሜትር ምክንያት አንዱ የሌላውን አገር ሐዲድ አይረግጥም።

የከዚራ_ሰው | ቅዳሜ፣ 5:15

አቦ እናንተ አዲስ አበቦች! ሁሉን ነገር ለገሃር ላይ ካልተከልን ትላላችሁ። ለመሆኑ ፋብሪካው ለገሃር ምን ሊሠራ ነው? ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በባቡር ነው። ትልቁ የጥገና ቦታ እዚያ፣ ቶርኖው እዚያ፣ ብረት ማቅለጫው እዚያ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ምሳ ይዤለት ስሄድ እጁን በናፍጣ ታጥቦ ነበር የሚበላው። አዲስ አበባ የመጣሁት በእርጅና ነው፣ አሁን ቸርችል ጎዳና ላይ እየተንሸራሸርኩ ነው የምጽፍላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ስለ አየሩ መሳሳት የተናገረው ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የተናገረው። ያው ሎኮሞቲቭ ታች ጅቡቲ በኩል ሲሄድ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ አቧራውም አለ። ራዲያተሩ ለላይኛው አገር ቢበቃ ለታችኛው አይበቃም፣ ማጣሪያው ለታችኛው ቢበቃ ላይኛው አገር ላይ የሳሳውን አየር ጭራሽ ያንቀዋል። አንድ ማሽን ሁለት አገር ነው የሚሠራው። እንፋሎቱን የጣለውም ይሄው በረሃ ነው፤ ውሃ በሌለበት አገር ውሃ የሚጠጣ ባቡር። ዲዝል ሲመጣ ትልቁ ዕረፍት ጉልበቱ አልነበረም፣ ውሃ ፍለጋው መቅረቱ ነው።

የለገሃር_ልጅ | ቅዳሜ፣ 5:40

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ፋብሪካው ድሬዳዋ ይሁን፣ ጽሕፈት ቤቱ ለገሃር ይቅር። የውይይቱን ስም መቀየር ስለማልችል ርዕሱን ይለፉኝ።

ጥቁር_ጭስ፣ ጎሽ ቱርቦ ገጠመ። ዋልያን ግን አልነካም። 2,000 ጉልበት!

ሐዲድ_ቆጣሪ | ቅዳሜ፣ 7:02

ዋልያን እነካልሃለሁ። ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ ከምሳ በኋላ ሒሳብ እወዳለሁ።

ጎማውም ሐዲዱም ብረት ነው፣ ስለዚህ መቆንጠጫው ደካማ ነው። ደረቅ ሐዲድ ላይ ሎኮሞቲቩ ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ይጎትታል ብለን እንያዝ፤ ከዚያ በላይ ከሞከረ ጎማው ይሽከረከርበታል። ያንተ 52 ቶን ለአራት ሲካፈል በአክሰል 13 ቶን ነው። ለቀጭን ሐዲድ ይሄ ራሱ ትንሽ አይደለም። የ52 ሩብ 13 ቶን ጉተታ ይሰጥሃል።

አሁን ዳገት እንስጠው፤ ሺህ ሜትር ሄዶ 25 ሜትር የሚወጣ እንበል። እያንዳንዱ ቶን ወደ ኋላ 25 ኪሎ ይጎትተዋል፣ ኩርባና መንከባለሉን ጨምረህ 30 በለው። 13,000 ለ30 ሲካፈል 433 ቶን። ሎኮሞቲቩ ራሱም ዳገት ወጪ ስለሆነ 52 ስንቀንስ ከኋላህ የምታስከትለው 380 ቶን ገደማ ነው።

እስካሁን የፈረስ ጉልበት የሚል ቃል እንዳልተናገርኩ ልብ በል። ጉልበቱ የሚመጣው “በስንት ፍጥነት?” ስንል ነው። ከሞተሩ ጉልበት 82 በመቶው ጎማ ላይ ቢደርስ ጎሽ 1,200ውን ይዞ ያንን ዳገት በሰዓት 20 ኪ.ሜ. ይወጣል። ያለ ቱርቦ በ900 ከሆነ 15 ኪ.ሜ.። ዋልያ በ2,000 ጉልበት 34 ኪ.ሜ. ይወጣል፣ የሚጎትተው ግን ያንኑ 380 ቶን ነው! አንድ ፉርጎ አልጨመርክም። ኩርባ በበዛበት በዚያ መስመር ደግሞ 34ቱን ብዙ ቦታ አትጠቀምበትም። ያተረፍከው ትልቅ ሞተር፣ ትልቅ ራዲያተር፣ ትልቅ የናፍጣ ሒሳብ ነው።

የ15ቱ ነገር ደግሞ ከመዘግየት የባሰ ነው። የጎማ ሞተሮች በዝግታ ጠንክረው ሲጎትቱ ብዙ ከረንት ይበላሉ፣ ይግላሉ፤ የሚያቀዘቅዛቸውም ያው የሳሳ አየር ነው። በአንድ ሜትር ሐዲድ በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሞተሩን እንደልብህ አታተልቀውም። ስለዚህ ሽቦው ሲቃጠል የሚሸትህ ዳገቱ መሃል ላይ ነው።

የለገሃር_ልጅ | ቅዳሜ፣ 7:20

እህቴ፣ ምሳዬን ነው ያበላሸሽብኝ። ስድስት አክሰል ባደርገውስ? 78 ቶን ይሆናል፣ በአክሰል ያው 13።

ሐዲድ_ቆጣሪ | ቅዳሜ፣ 7:33

ያስኬዳል፣ ጉተታው 19 ቶን ተኩል ይገባል። ግን ሦስት አክሰል በአንድ ቦጊ (ጎማዎቹን በሚይዘው ተሽከርካሪ ጋሪ) ላይ ሲሆን ኩርባ ላይ የፊተኛው ጎማ ከንፈሩ ሐዲዱን እየፋቀ ነው የሚሄደው። ጎማም ሐዲድም ትጨርሳለህ። የሚሠሩበት አገሮች አሉ፣ እኔ ግን ለዚህ መስመር አልፈርምልህም።

ሲሊንደር | ቅዳሜ፣ 8:10

መልሱ ትልቅ ማሽን ሳይሆን ሁለት ማሽን ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1939 ለማሳያ ያዞረው ኤፍ ቲ የሚባለው ሎኮሞቲቭ 5,400 ጉልበት ነበረው፣ ግን አንድ አልነበረም፣ አራት ክፍል ተቀጣጥሎ ነው፤ እያንዳንዱ 1,350። በኬብል ተያይዘው አንድ ሾፌር ሁሉንም ያዛቸዋል። የአሜሪካን እንፋሎት የቀበረው ይሄ ነው። እንፋሎት ስትደርብ ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ሾፌርና እሳት ነጂ ያስፈልግሃል፣ ዲዝል ስትደርብ ኬብል ብቻ።

ዋልያን ተወው። ሁለት ጎሽ አያይዝ፦ 104 ቶን፣ 2,400 ጉልበት፣ 760 ቶን ዳገት ይወጣል፣ በአክሰል አሁንም 13። አንዱ ሲበላሽ ሌላው እየተነፈሰ ቤት ይገባል። ቀለል ያለ ባቡር ሲሆን ፍታቸውና አንዱን ብቻ ላከው።

ቡና_በጨው | ቅዳሜ፣ 8:14

ሁለት በሬ ስትጠምድ ማለት ነው። ይሄን ለማወቅ አምስት ሰዓት ፈጀብን።

ጥቁር_ጭስ | ቅዳሜ፣ 8:50

ስለ መውጣት ብቻ ነው የምናወራው። መውረዱስ? ዓባይ በረሃን በከባድ መኪና የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ በፍሬን ብቻ ከወረድክ ታች ስትደርስ ፍሬን የለህም። በማርሽ ነው የሚያዘው።

ባቡር ላይ በማርሽ መያዝ የሚባለው አለ?

ሐዲድ_ቆጣሪ | ቅዳሜ፣ 9:05

አለ፣ ኤሌክትሪክ በመሆኑ የተገኘ ሲሳይ ነው። የጎማ ሞተሮቹን ግንኙነት ትገለብጠዋለህ፣ ቁልቁለቱ ሲያዞራቸው ራሳቸው ጄኔሬተር ይሆናሉ፣ የሚያመነጩት መብራት ጣሪያ ላይ ባሉ ሬዚስተሮች ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የፍሬን ጫማ አይበላም፣ ጎማም አያግልም። ባቡሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ግን የአየር ፍሬኑ የግድ ነው፤ ይሄኛው ፍጥነት መያዣ እንጂ ማቆሚያ አይደለም።

የለገሃር_ልጅ ዝርዝርህ ላይ ፍሬን የሚል ቃል የለም። ጉልበት አራት ጊዜ ጽፈሃል።

የከዚራ_ሰው | ቅዳሜ፣ 9:30

ልጄ እውነቷን ነው። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ የሆነውን በዚያ ዘመን የነበረ ሰው አይረሳውም። ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባው ድልድይ ላይ ደርሶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እኔ ያን ሰሞን ድሬ ነበርኩ። ከዚያ በላይ አልጽፍም።

ነብርህን በ1985 ነው ያወጣኸው አይደል? ዓመቱን ቀይረው።

የለገሃር_ልጅ | ቅዳሜ፣ 9:41

ይቅርታ ጋሼ፣ አላሰብኩትም። ቀይሬዋለሁ።

ማሙሽ_22 | ቅዳሜ፣ 10:20

አሁን በለገሃር የሚያልፈው ቀላል ባቡርስ ናፍጣ ነው እንዴ?

ሲሊንደር | ቅዳሜ፣ 10:26

አይደለም፣ ከላይ ያለውን ሽቦ እይ፤ 750 ቮልት ነው። በ2015 ሥራ ጀመረ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመርም በኤሌክትሪክ ነው፣ 25,000 ቮልት፣ ሐዲዱም ሰፊው 1,435 ሚሊ ሜትር። ጣቢያው ለገሃር ሳይሆን ፉሪ ለቡ ነው። እዚያ ዋናውን ባቡር የሚጎትተው ናፍጣ አይደለም፤ ናፍጣ የሚጠቅመው ግቢ ውስጥ ፉርጎ ለመግፋት ነው።

ስለዚህ የለገሃር_ልጅ፣ ፋብሪካህ እስከ ዛሬ ቢቆይ ከሁሉ የሚተርፈው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ማንም ያላነሳው ቆርኬ።

የለገሃር_ልጅ | ቅዳሜ፣ ማታ 1:15

እሺ፣ ደብተሩን እንደገና ገለጥኩት። ጣቢያው አጠገብ ሄጄ ነው የጻፍኩት፣ ይታወቅልኝ።

ቆርኬ እንዳለ፣ 400 ጉልበት፣ በሃይድሮሊክ። ዝም ብሎ ይገፋል።

ጎሽ፣ 1957። 1,200 ጉልበት ከቱርቦ ጋር፣ አራት አክሰል። በኬብል እስከ ሦስት ይያያዛል። ጣሪያው ላይ የፍሬን ሬዚስተር። የአሸዋ ሳጥን በአራቱም ማዕዘን፣ ዝናብ ሲጥል ጎማው እንዳይንሸራተት። ማጣሪያው ሁለት ደረጃ፤ የመጀመሪያው አቧራውን አሽከርክሮ የሚጥል፣ ሁለተኛው የጨርቅ። ራዲያተሩ ለጅቡቲ ሙቀት የተሰላ።

ዋልያ ተሰርዟል። በሱ ፈንታ “ጎሽ ሁለት”፣ 1968፤ አካሉ ያው፣ ጄኔሬተሩ ግን በአልተርኔተርና ተለዋዋጩን መብራት ወደ ቀጥተኛ በሚቀይር ዳዮድ ተቀይሯል። አሜሪካኖቹም በ1960ዎቹ አጋማሽ ያደረጉት ይሄንን ነው፤ አልተርኔተሩ ይቀላል፣ እንደ ድሮው ጄኔሬተር ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ካርቦን የለውም። መለዋወጫው ከመጀመሪያው ጎሽ ጋር ሦስት አራተኛው አንድ ይሁን። ጋሼ፣ ይቺ ለአባትዎ ናት፤ ለአንድ ቧንቧ ብሎ ማሽን ገትሮ መጠበቅ የሚባለውን ለማስቀረት።

ነብር ቀርቷል። ስሙን ለውሻዬ ሰጥቻለሁ።

የከዚራ_ሰው | ቅዳሜ፣ ማታ 1:40

ተባረክ። አባቴ ቢያይ ስለ ጉልበቱ አይጠይቅህም ነበር። “ኢንጀክተሩ ስንት ብሎን ተፈትቶ ነው የሚወጣው?” ነበር የሚልህ። እሱን መልሰህ ጻፍልኝ።

ሐዲድ_ቆጣሪ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:05

ደስ ይላል። ግን ቱርቦ ጨመርክ፣ ሬዚስተር ጨመርክ፣ ትልቅ ራዲያተር ጨመርክ፣ አሸዋ ጨመርክ፣ የቀነስከው የለም። 52 ቶን ነው ብለህ አታስበው፤ እንደኔ ግምት 55 አልፈሃል፣ በአክሰል 14 ሊጠጋ ነው። 3 ቶን ፈልግልኝ።

የለገሃር_ልጅ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:12

ሁለት ጫፍ ላይ ሁለት የሾፌር ክፍል አለው። አንዱን ባነሳውስ?

ጥቁር_ጭስ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:15

ታዲያ ለገሃር ደርሶ እንዴት ይመለሳል? እስከ ድሬ የኋሊት ሊነዳ ነው?

ሲሊንደር | ቅዳሜ፣ ማታ 2:19

ሁለቱን ጎሽ ጀርባ ለጀርባ ስታያይዛቸው በሁለቱም ጫፍ ሾፌር አለ። ማዞሪያ አያስፈልግም።

የለገሃር_ልጅ | ቅዳሜ፣ ማታ 2:21

እየሳልኩት ነው።